በሁለት ቤት መካከል የተጋደመው ግንድ

አንድ ሸማኔና አንድ ነጋዴ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ሸማኔው መሸሻ፣ ነጋዴው ቢተው ይባላሉ። በቤቶቻቸው መካከል ስምንት ክንድ የምትሰፋ ባዶ ቦታ ነበረች፤ በእሷም ላይ አንድ ጌሾ በቅሎ ነበር። መሸሻ «ጌሾው አባቴ የተከለው ነው» አለ። ቢተው «ይሁን፣ መሬቱ ግን የእኔ ነው» አለ። ሽማግሌዎች ገብተው መሬቱን ለቢተው ፈረዱ። መሸሻ ፍርዱን ተቀበለ፤ ሰላምታውን ግን አቆመ። ቢተውም ከማን አንሼ ብሎ አቆመ። እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ኖሩ። መሸሻ የጎረቤቱን ስም መጥራት እንኳ ትቶ «ያ ሰውዬ» ነበር የሚለው።

በስድስተኛው ዓመት ቢተው በዚያች ቦታ ላይ ምድር ቤት ያለው መጋዘን ሊሠራ ቆፋሪዎች አስገባ። ጌሾው በመጀመሪያው ቀን ተነቀለ። የተጣሉበት ነገር ከነሥሩ ወጥቶ ሲጣል ኩርፊያው ግን ባለበት ቀረ። እኔ እስከማውቀው ኩርፊያ አንዴ ከተመቸው ምክንያት አይፈልግም።

ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ሲያልፍ የመሸሻ ግድግዳ ወደ ጉድጓዱ ማዘንበል ጀመረ። ድሮ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ነው፤ የጣሪያው ግማሽ የሚያርፈውም በእሱ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት የመሸሻ ልጅ የሺመቤት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አባቷ ቤት መጥታ ነበር። ምጡ ጠንቶባት፣ ብዙ ደም ፈሷት፣ በመከራ ተገላገለች። አዋላጇ «አሥር ቀን ከአልጋዋ እንዳታነሷት፤ ብታነሷት እኔ የለሁበትም» ብላ አስጠነቀቀች። አራሷና ሕፃኑ እንግዲህ በዚያ ጣሪያ ሥር ነው የተኙት።

መሸሻ ግድግዳውን በቀን ስንት ጊዜ በእጁ እየነካ ያያል። ነገር ግን ወጥቶ ያን ሰውዬ ማናገር ሞት መሰለው። ስለዚህ ገመድ አመጣና ግድግዳውን ከውስጥ በኩል ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስሮ ወጠረው። ሸማኔ ነውና ማሰርና መወጠር ያውቅበታል። በማግስቱ ጠዋት ሲያይ ግድግዳው አልተመለሰም፤ ምሰሶው ግን ግድግዳውን ተከትሎ ማዘንበል ጀምሯል።

ቢተውም ክፉ ሰው አልነበረም። የግድግዳውን ማዘንበል ከውጭ ሆኖ ያያል፣ አራስ መኖሯንም ሰምቷል። ግን «ጭንቁ የእሱ ነው፤ ይምጣና ይጠይቀኝ» ይላል። እንዲህ ሁለቱም እየተጨነቁ፣ ሁለቱም አፋቸውን ዘግተው ቀኑ ይሄዳል።

የሺመቤት በወለደች በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጉድጓዱ ጎንና ጎን አፈር መንሸራተት ሲጀምር ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው ወጡ። መንገድ ላይ አባ ጓንጉልን አገኟቸውና ነገሯቸው። አባ ጓንጉል ሥራቸው ድጋፍ ማቆም ነበር። የዘመመ ቤት፣ የሚናድ ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ግንድና ሳንቃቸውን በአህያ ጭነው ይሄዳሉ። ሲጨርሱ ደግሞ ያቆሙትን ሁሉ ነቅለው ይወስዳሉ። በዚህ ምክንያት በአገሩ ውስጥ «ይህን አባ ጓንጉል ሠሩት» የሚባል አንድም ነገር አልነበረም።

መጥተው መጀመሪያ ወደ መሸሻ ቤት ገቡ። ገመዱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ግድግዳ ወዴት ነው የሚወድቀው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ወደ ጉድጓዱ ነዋ፣ አባ።»

«እንግዲያው ድጋፉም የሚቆመው እዚያ ነው። የሚወድቅ ነገር በሚወድቅበት በኩል ነው የሚደገፍ። ከኋላ ከጎተትከው የያዘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።»

«እዚያ እኮ የእሱ ግቢ ነው። እሱን ከምለምን ቤቱ በላዬ ላይ ይውረድ።»

አባ ጓንጉል ወደ አልጋው ዞር ብለው እናትና ልጁን አዩ። «ባንተ ላይ ብቻ የሚወርድ ቢሆን ምንም አልልህም ነበር» አሉ። «እነሱን ጠይቀሃቸዋል?»

መሸሻ ገመዱን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ሽማግሌው ከዚያ ወጥተው ወደ ቢተው ቤት ሄዱ። ቢተው ገና ሲያያቸው «ለዚያ ሰው ብለው ከሆነ የመጡት፣ ራሱ ይምጣ» አላቸው።

«ለእሱ ብዬ አይደለም። በጉድጓዱ በኩል ያለውን ግድግዳህን አሳየኝ።»

በዚያ በኩል የጨው ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ነበር። ቢተው ለምን እንደሆነ ባይገባውም ጆንያዎቹን አነሣ። ከኋላቸው ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። አባ ጓንጉል እጃቸውን በስንጥቁ ውስጥ አስገብተው አወጡ። ቢተው ስድስት ዓመት ሙሉ የጎረቤቱን ጥፋት ሲቆጥር የራሱን ግድግዳ ዞር ብሎ አላየውም ነበር።

«ሁለታችሁም ወደ አንድ ጉድጓድ እየሄዳችሁ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ግንድ ከግድግዳ ግድግዳ ቢጋደም ግን ሁለቱንም ይይዛል። እኔ አንድ ነኝ፣ ግንዱ ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው። በየጫፉ መዶሻ የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ። ቆፋሪዎችህ ሄደዋል። ዝናብም እየመጣ ነው።»

ሰማዩ በእርግጥ ጠቁሮ ነበር። አባ ጓንጉል ሲጠሩት መሸሻ ገመዱን ለቆ ወጣና ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቢተውን ግቢ ረገጠ። መሬት መሬቱን እያየ ሄዶ ባዘነበለው ግድግዳው ሥር ቆመ። ቢተው ከጉድጓዱ ማዶ በራሱ ግድግዳ ሥር ቆመ። አባ ጓንጉል በጉድጓዱ ላይ ሳንቃ አጋድመው መሐል ላይ ተቀመጡ። ግንዱ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ተዘረጋ፤ በየጫፉም በግንዱና በግድግዳው መካከል ሽብልቅ የሚሉት ሹል እንጨት ገባ።

«ሽብልቁ ከሁለቱም ወገን በእኩል ነው የሚመታው» አሉ። «አንዱ ከበረታ ግንዱ ተንሸራቶ እኔን ይዞ ይወርዳል። አንተ አንድ፣ እሱ አንድ።»

ጀመሩ። በመጀመሪያ ሽማግሌው ከአንዱ ወደ ሌላው ዞር እያሉ «መትቷል፣ ምታ» ይሉ ነበር። መሸሻ ግን የስድስት ዓመት እልህ ክንዱ ላይ ነበረና ሁለቴ፣ ሦስቴ አከታትሎ መታ። ግንዱ ተንቀጠቀጠ፤ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ሳንቃውን ያዙ።

«ከእንግዲህ እኔ መልእክት አላመላልስም» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «የምትሞቱትም የምትድኑትም እናንተ ናችሁ። ተነጋገሩ።»

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ሳንቃው ላይ አረፉ። ከግድግዳው ጀርባ የሕፃኑ ለቅሶ ተሰማ። ቢተው መዶሻውን አንሥቶ አንዴ መታ።

«መታሁ» አለ።

መሸሻም አንዴ መታ። «እኔም መታሁ።»

«መታሁ።»

«መታሁ። ቀስ በል፣ በአንተ በኩል አፈር እየወረደ ነው፤ እግርህን ወደ ኋላ አድርግ።»

ቢተው እግሩን ወደ ኋላ አደረገ። ቆሞባት የነበረችው አፈር ተንሸራታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ሁለቱም ወደ ታች አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ሽብልቁን መምታቱን ቀጠሉ።

ይህን ጊዜ የሺመቤት ከአልጋዋ ሆና «አባዬ፣ ማን ነው የሚያናግርህ?» ስትል ተጣራች።

መሸሻ መዶሻውን እንደያዘ ግንባሩን በግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ጎረቤታችን ነው ልጄ» አለ። «ቢተው ነው።»

ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ከላይ አንድ፣ ከሥር ሁለት ግንድ አጋደሙ። ውሃው ሲወርድ ሦስቱም ግንዶች ሲጢጥ አሉ፤ ሁለቱ ቤቶች ግን ባሉበት ቆዩ። በማግስቱ ቢተው ራሱ ገንፎ አስይዞ አራስ ሊጠይቅ ገባ፤ ሲገባም በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አመነታ።

ሳምንታት አልፈው የመጋዘኑ ግንብ ከጉድጓዱ ሥር ተነሥቶ ሁለቱን ቤቶች መያዝ ሲጀምር አባ ጓንጉል ተመለሱ። ግንዶቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ፣ ሽብልቁን በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ አነሡ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ሁለቱ ጎረቤታሞች አብረው መጡ። በዚያ ግንድ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ማውጋት ለምደው ነበር።

«ይቺን እንኳ ይተዉልን፣ አባ» አላቸው መሸሻ። «እሷን ካነሡብን ምን እንደምንሆን እንጃ።»

«ግንቡ ቆሟል፤ ግንዱ ከዚህ በኋላ የሚይዘው ነገር የለም» አሉ ሽማግሌው። «ብተውላችሁ ይበሰብሳል። እናንተም ግንዱ አለ እያላችሁ መነጋገሩን ትተዋላችሁ። ደግሞ ከወንዙ ማዶ አንድ ቤት ዘሟል አሉኝ።»

ግንዱን በአህያቸው ጭነው ሄዱ። ዛሬ በዚያ ቦታ የሚያልፍ ሰው ሁለቱን ቤቶችና መጋዘኑን ተደጋግፈው ቆመው ያያል፤ ድጋፍ እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት ግን አያገኝም።

ይህን ታሪክ የማካፍላችሁ እኔም ገመድ ወጥሬ ስለማውቅ ነው። የሚወድቅ ነገር ከኋላ በመጎተት አይድንም፤ ድጋፉ የሚቆመው በሚወድቅበት በኩል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በዚያ በኩል ያለው ሰው ያኮረፍነው ሰው ነው። እሱን መጥራት ከውርደት ቆጥረን ስንት አራስና ሕፃን በዘመመ ጣሪያ ሥር አስተኝተናል? ደጋፊ የሆነ ሰውም ቢሆን ጊዜው ሲደርስ ግንዱን አንሥቶ መሄድ ይወቅበት፤ ክብሩ ያቆመው ነገር ያለ እሱ መቆሙ ነው።

እስቲ ዛሬ ወጣ ብላችሁ እዩ። የእናንተ ግድግዳ ወደ ማን ግቢ ነው ያዘነበለው? ያ ሰውስ ከጆንያዎቹ ጀርባ ስንጥቅ እንደሌለው በምን አወቃችሁ?