የተራበች አይጥ የምትማረው

አንድ የምርምር ተቋም የሚመሩ፣ በአይጦች ላይ የማስታወስ መድኃኒት የሚሞክሩ ዶክተር ነበሩ። አንድ ቀን የተቋሙን ሠራተኞች ሰብስበው፣ «መድኃኒቱ አልረባም፤ ረሃብ ግን ሠርቷል! የተራቡት አይጦች ጠመዝማዛውን መንገድ ከጠገቡት ቀድመው ለመዱት። ከነገ ጀምሮ ለእናንተም ምሳ አይቀርብም፤ አእምሯችሁ ይከፈት!» አሉ።

ከመካከላቸው አንዲት ምላሰኛ የጽዳት ሠራተኛ ከዚያ ምሳ ሌላ ቀኑን ሙሉ የምትቀምሰው እህል አልነበራትምና ብድግ አለች።

«ዶክተር፣ አይጦቹ የለመዱት የምኑን መንገድ ነው?»

«የምግቡን ነዋ! ሌላ የምን ሊሆን ኖሯል?»

«እንግዲያው ጓዳዎን አጥብቀው ይቆልፉ። ቤትዎ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ መንገዱም እንደ አይጦቹ አይጠማዘዝም፤ እኛም ብዙ ነን።»

በማግስቱ ምሳው ከሰዓቱ ቀድሞ ቀረበ።