ሙቀት የሚያይ ካሜራ

አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ማቀዝቀዣ ክፍል ዓሣ ይበላሽ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ አቶ መሸሻ ሙቀት የሚያሳይ ውድ ካሜራ ገዙና ሠራተኛውን ሰብስበው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ደፉ ላይ ቆሙ። ግድግዳውን ሁሉ ቢያዩ ሙቀት የሚያስገባ ቀዳዳ አጡ። ዓሣ አጣቢዋን ጠሩ።

«አየር የሚገባበትን በሶፍት አገኘዋለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ? በይ አግኚ! አለዚያ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

ሴትየዋ ሶፍቷን በየጥጉ አዞረች፤ ንቅንቅ አላለም። አቶ መሸሻ የቆሙበት ደፍ ላይ ስትደርስ ግን ተርገበገበ። ሠራተኛው ሳቁን አፈነ።

«ካሜራዬ ያላየውን ሶፍትሽ አየ ልትዪኝ ነው?»

«ካሜራውስ ደህና ነው፣ ጌታዬ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ይህን በር ከፍተው ሲናፈሱ አያለሁ። ካሜራ ደግሞ የያዘውን ሰው አያሳይም።»