ዝቅ ያለችው የስፖርት መኪና

ለማንም ጎንበስ ብለው የማያውቁት አቶ ልዑልሰገድ ቀይ የስፖርት መኪናቸውን እየነዱ፣ አንዲት መካኒክ ከእሳቸው ወደተከራየችው ጋራዥ ገቡ።

«ሞላዋን ቀይሪና መሬት አስነኪልኝ!»

«ሲያሻ ከፍ፣ ሲያሻ ዝቅ የሚደረገው ሞላ ይሻልዎታል፤ መንገዳችንን ያውቁታል» አለቻቸው።

«ታች ካልኩ ታች ነው! ነገ ስመጣ ደግሞ ሠራተኞችሽ ፊት ጎንበስ ብለሽ እጅ ትነሺኛለሽ፤ አለዚያ ጋራዡን ትለቂያለሽ።»

በማግስቱ መኪናዋ መሬት ላይ ተለጥፋ ጠበቀቻቸው። ነድተው ሞከሯት። ሊወርዱ ሲሉ ግን ወገባቸው እምቢ አለ፤ በእጅና በጉልበታቸው እየዳኹ መካኒኳ እግር ሥር ወጡ። ሠራተኞቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ።

እሷ ተሯሩጣ ክንዳቸውን ያዘች።

«ኧረ በሞቴ ይነሱ ጋሼ! ለአንድ ሞላ ይሄን ያህል እጅ መንሳት ምንድነው? ‹እግዜር ይስጥሽ› ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር!»