ጅብ የበላው ስልቻ

አንድ ጊዜ፣ እናቶች ሁሉ ምጥ ሲይዛቸው ከቁጥቋጦ ጀርባ ብቻቸውን በሚገቡበት ዱር ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት እመት አህያ ትኖር ነበር። የበኩር ልጇ ሲወለድ ታፍኖ ሞቶባታል። ዘመዶቿ እዚያው አጠገብ ሣር ይግጡ ነበር፤ ግን የምታምጥ ማየት ነውር ነውና አንዱም ዞር ብሎ አላያትም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፤ አዋላጅነት መማር። ልጇ ዳልቻ አርግዛ ሆዷ ሲገፋ ደግሞ ምኞቱ ውስጧን ይበላት ጀመር።

ንጉሥ አንበሳም የጨቅላዎች ሞት ቢበዛበት «አዋላጆች ይሠልጥኑ» ብሎ አዘዘ። ሥርዓተ ትምህርቱን እንዲያወጣ የተሾመው ቀበሮ ነው። አይ ቀበሮ! ወልዶ አያውቅ፣ ሲወለድ አላየ፣ የወለደች አልጠየቀ። ኮረብታው ላይ ጉብ ብሎ፣ ጠዋት ስለ ምጥ ንግግር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስለ ጠዋቱ ንግግር ሌላ ንግግር አዘጋጀ። እመት አህያ ይህን ሁሉ የታገሠችው መጨረሻ ላይ ላለው የተግባር ትምህርት ስትል ነው። ለእሱ፣ በእርጅና ከሞተ በሬ ቆዳ ትልቅ ስልቻ ተሰፍቷል። ከሣር የተጎነጎነ ውርንጭላም ውስጡ ተቀምጧል። ተማሪው አፍንጫውን በስልቻው አፍ አስገብቶ የታጠፈ እግር ማቃናት ይለማመዳል ተባለ።

ስልቻውን እንዲጠብቅ ማን የተሾመ ይመስላችኋል? አያ ጅቦ። ጥርሱ ሌባ ያባርራል ተብሎ።

የተግባሩ ቀን ደርሶ ተማሪዎቹ ሲሰበሰቡ፣ ከስልቻው የተረፈው ጥቂት ሣር ብቻ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ስልቻው የታለ?» አለ ቀበሮ።

«ነፋስ ወሰደው።»

«ወዴት ወሰደው?»

«ሩቅ አይደለም፤» አለና ጅብ ሆዱን አሻሸ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። ቀበሮ ግን አልሳቀም፤ ንጉሡ ለምረቃው ሊመጣ ነው፣ ስልቻው ጠፋ ቢል ሹመቱም አብሮ መጥፋቱ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተግባሩን በቃል እነግራችኋለሁ፤ ያው ነው። እግሩ ታጥፎ ቢመጣ፣ በዝግታ ወደ ውስጥ መግፋት፣ ከዚያ በዝግታ መሳብ። አለቀ።»

እመት አህያ ከኋላ ተነሣች። «የኔታ፣ ዝግታው ምን ያህል ነው?»

«ዝግታ ዝግታ ነዋ።»

«እኮ ያልነካሁትን በምን ልወቀው? ሌላ ስልቻ ይሰፋልን። እኔው ራሴ እጠብቀዋለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን የሚያህል ጆሮ ለምን ተሰጠሽ? ስሚበት፤ ይበቃሻል።»

ሁሉም ጆሮዋን እያየ ተንከተከተ። ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ነገር ግን የዳልቻ መውለጃ ቀርቧል፤ ብትጣላው ሳትመረቅ ሊያባርራት ነው። ያ ሁሉ ዓመት የናፈቀችው ነገር እፊቷ ቆሞ፣ እንዴት ጥላው ትሂድ? ጆሮዋን አጥፋ ተቀመጠች። ንጉሡም መጥቶ የአበባ ጉንጉን አንገቷ ላይ አጠለቀላት።

አበባው ሳይጠወልግ ዳልቻን ምጥ ያዛት። እመት አህያ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተከትላት ገባች።

«እማዬ፣ ነውር ነው፤ ያዩሻል።»

«ይዩኝ። ተምሬ መጥቻለሁ።»

አንድ እግር ወጣ፤ ሌላው ታጥፎ ውስጥ ቀረ። እመት አህያ ትምህርቱን በልቧ ደገመች፤ አንድም ቃል አልሳተችም። አፍንጫዋን ሰደደች። ውስጡ ይሞቃል፣ ያዳልጣል፣ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን ማንም አልነገራትም። የነካችው ጉልበት ይሁን ቁርጭምጭሚት መለየት አቃታት። ገፋች፤ በዛ መሰላትና ተወች። ሳበች፤ አነሰ መሰላትና ጨመረች።

«እማዬ፣ ትችያለሽ አይደል?»

የታጠፈውን እግር እንደገና ፈለገች። ውርንጭላው ሲወጣ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ላሰችው፤ ደጋግማ ላሰችው። አልተነፈሰም። አንድ ሾላ ሥር ቀበሩት።

እናትና ልጅ ወደ ንጉሡ ሄዱ። እመት አህያ ጉንጉኑን አውልቃ እግሩ ሥር ጣለችው።

«ይኸው አበባዎ። የማልችለውን ትችያለሽ ብለው ያጠለቁልኝ ነው።»

«ጌታዬ፣ ትምህርቱ በሙሉ ተሰጥቷል፤» አለ ቀበሮ። «አንድ ቃል አልጎደለም።»

«ቃሉማ ሞልቶ ፈሷል። የጎደለው ስልቻው ነው።»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «ስልቻው የት ገባ?»

«ነፋስ...» ብሎ ጀመረ ጅብ፤ የንጉሡን ዓይን ሲያይ ግን ተርበተበተ። «ጌታዬ፣ እንዲያውም ጨው ያንሰው ነበር።»

አንበሳ ጅብን ከጥበቃው ሽሮ ቀበሮን «ሌላ ስልቻ አሰፋ» አለው። ይህን ጊዜ ዳልቻ ወደ ፊት መጣች።

«ስልቻ ይሰፋ። ግን ስልቻ አይሞቅም፣ አይንቀሳቀስም። ሳረግዝ ተማሪዎቹ እኔ ዘንድ ይምጡ። ሆዴን ይዳስሱ፤ ስወልድም አጠገቤ ይቁሙ።»

«ነውር!» አለ ቀበሮ።

«ይህ ነውር ከቤታችን ሁለት ልጅ ወሰደ፤» አለች ዳልቻ። «ከእንግዲህ አልገብርለትም።»

ዳልቻ እንደገና አረገዘች። ተማሪዎቹም እየመጡ በየተራ ሆዷ ላይ አፍንጫቸውን አሳረፉ። ቀበሮም ከኮረብታው ወርዶ፣ በንጉሥ ትእዛዝ፣ ከኋላ ተቀምጦ ያይ ነበር። ምጡ ሲመጣ ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ሚዳቋ፣ ቀረበች። በአዲሱ ስልቻ ስትለማመድ ከርማለች፤ የገላውን ሙቀትና ማዳለጥ ደግሞ እመት አህያ አስቀድማ ነግራታለች። የዚህኛውም ውርንጭላ እግር ታጥፎ ነበር። ሚዳቋ ዳሰሰችው፣ ለየችው፣ አቃናችው።

ውርንጭላው ጮኸ። ሁሉም ሊያየው ተጋፋ፤ እመት አህያ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። አንዱ ጆሮዋ ወደሚጮኸው ሕፃን ዞሯል፤ ሌላው ጆሮዋ ደግሞ ወደ ሾላው ሥር፣ አንድም ቀን ወዳልጮኸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ነፍስ የሚያድን ሙያ የሚያስተምር ሁሉ ትምህርቱን ከታማሚው ዘንድ ካልጀመረና ተማሪውን ሥራውን በእጁ ሳያስነካ ካስመረቀ፣ የጎደለውን የሚከፍለው አስተማሪው ሳይሆን ምንም ያላጠፋው ልጅ መሆኑን ነው።