ቆቅ ልጇን ለሽለምጥማጥ የሰጠች ዕለት

እስቲ ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ድሮ ድሮ፣ ስሙ በተረሳ አንድ ቆላ፣ ቆቅ ከጫጩቶቿ ጋር ቁጥቋጦ ሥር ትኖር ነበር። ልጆቿ «ጫሩ» ስትላቸው ይጭራሉ፤ «ተደበቁ» ስትላቸው ይደበቃሉ። ጥንቅሽ የምትባለው ብቻ ቆም ትልና «እሺ እማ፣ ግን ለምን?» ትላለች።

ይቺ ጥንቅሽ እጇም አያርፍም። እናቷ ለመኝታ ያነጠፈችውን ሣር እየመዘዘች ጣሪያ ትሠራበታለች፤ ጣሪያውም እህት ወንድሞቿ ላይ ይወድቃል።

«ምነው ልጄ፣ እንደ እኩዮችሽ ብትሆኚ?»

«እሺ እማ፣ ግን ለምን?»

እናት መልስ ሲጠፋት ትቆጣለች፤ ከተቆጣች በኋላ ደግሞ አንጀቷን ይበላታል። ጎረቤቷ ጅግራ በበኩሏ «ልጅ ነው የወለድሽው ወይስ ዳኛ?» እያለች ትስቅባታለች።

ሽለምጥማጥ ይህን ሰማ። ከንፈሩን ገጥሞ፣ እያነከሰ መጣ።

«እመት ቆቅ፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ጥርሴ ረግፎ ሥጋ ከተውኩ ሰነበትኩ። ያቺን ልጅ ስጪኝ፣ ገርቼ ልመልስልሽ።»

ቆቅ አመነታች። ግን ደክሟታል፤ የጅግራም ሳቅ አሳፍሯታል። «አደራዎን» ብላ ሰጠችው።

የሽለምጥማጥ ጉድጓድ አፍ ሲደርሱ «ግቢ» አላት።

«እሺ አባባ፣ ግን ለምን?»

«ውስጥ እህል አለ።»

«ጥርስ ከሌለዎት እህሉን በምን ያኝኩታል?»

«በድዴ ነዋ።»

«እስቲ ድድዎን ልየው።»

ሽለምጥማጥ ሳቁ አመለጠው። ነጫጭ ጥርሶቹ ብቅ አሉ። ጥንቅሽ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ገና ባልጠናው ክንፏ ተፈናጥራ ቀጋ ውስጥ ተወሸቀች። ሽለምጥማጥ ሊከተላት ሲል እሾሁ አፍንጫውን ወጋው። ያኔ ቁጥቋጦውን እየዞረ ይጠብቃት ጀመር።

እቤት ጭጭ ብሏል። ቆቅ ሣር እያነጠፈች ሳለ አንድ ሐሳብ መጣባት። «ቆይ፣ ሽለምጥማጥ የቆቅ ልጅ የሚያሳድገው ለምንድን ነው?»

ሣሩን ጥላ «ልጄን!» እያለች ሮጠች። ጅግራም ነገሩ ሲገባት ደነገጠችና መንጋዋን ይዛ ተከተለቻት። የጅግሮቹ ጩኸት አገሩን ሲያናውጠው ሽለምጥማጥ ሰው የመጣበት መስሎት ፈረጠጠ።

ቆቅ «ጥንቅሽ» ብላ ተጣራች። ደግማ ተጣራች።

«እማ፣ ሄዷል?» አለ ቀጭን ድምፅ ከእሾሁ ውስጥ።

እናት መሬት ላይ ዝርግት ብላ «ሄዷል ልጄ፣ ነይ ውጪ» አለች።

ጥንቅሽ ላባዋ ተነጫጭቶ ወጣች። እናቷ ክንፏ ሥር ከተተቻት። ከዚያ በኋላ እንዲህ አለቻት።

«ከእንግዲህ ጠይቂኝ። የማውቀውን እነግርሻለሁ፤ የማላውቀውን አብረን እንፈልጋለን። ነገር ግን ‹ተደበቁ› ስል ተደበቂ። ለምን እንደሆነ ጭልፊቱ ካለፈ በኋላ አስረዳሻለሁ።»

ጥንቅሽ አሰብ አድርጋ «ይሁን» አለች። ያን ቀን እናትም ልጅም እፎይ ብለው ተኙ።

አያችሁ ልጆቼ፣ ለዚህ ነው አበው፦ ልጅ ጠይቆ ቢያታክት፣ ለአውሬ አሳልፈው አይሰጡት የሚሉት።