አያ ጅቦ የሠራው የአህያ ድረ ገጽ

አንድ ጊዜ፣ የጫካው ገበያ ሁሉ በስልክ መገበያየት በጀመረበት ዘመን፣ ዕቃ ተሸካሚዋ እመት አህያ ሥራ ጠፋባት። አያ አንበሶ ልጁን ሊድር ነበር፤ የሠርጉን ዕቃ የሚያጓጉዝለትን የሚመርጠው ግን ከድረ ገጽ ላይ ነው። ይህ ሥራ ካመለጣት ውርንጭላዎቿ ክረምቱን በምን ይገፉታል? ስለዚህ አያ ጅቦን ድረ ገጽ እንዲሠራላት በስልክ አዘዘችው። በአካልማ ማን ይጠጋዋል!

ጅብ ድረ ገጽ ሠሪ ነኝ ይበል እንጂ ሙያውን ገና ከቀበሮ እየተማረ ነበር።

«እንዴት አድርጌ ልሥራላት?» ሲል ጠየቀው።

«ምን አደከመህ!» አለ ቀበሮ። «ተዘጋጅቶ የሚከራይ የድረ ገጽ አገልግሎት አለልህ። ከናሙናዎቹ ለሥራዋ የሚስማማውን ትመርጣለህ፣ ጽሑፉንና ሥዕሉን በእሷ ትቀይራለህ፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች አንብበህ...»

ጅብ «ትመርጣለህ» የምትለዋን እንደ ሰማ ወጥቶ ሄዷል።

ናሙናዎቹን ሲያገላብጥ ፀጉር ቤት አየ፣ ልብስ ስፌት አየ፣ የጭነት ሥራም አየ፤ አንዱም ልቡ አልገባም። ከዚያ ሥጋ ቤቱ መጣ። ጎድን! ጮማ! ለሃጩ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ።

«ናሙና ማለት ይኼ ነው!» አለ። የአህያን ስም፣ ስልክና ፎቶግራፍ ከላይ ለጠፈና የቀረውን እንዳለ ትቶ አወጣው።

በማግስቱ ጠዋት የአህያ ስልክ ጮኸ። ሥራ መጣልኝ ብላ ደስ አላት። ደዋዩ ነብር ነበር።

«እመት አህያ፣ ዛሬ ነው የታረድሽው?»

«ምን... ምን አሉኝ ጌታዬ?»

«ገጽሽ ‹የዛሬ ዕርድ፣ ቤት ድረስ እናመጣለን› ይላል። ራስሽ ትመጫለሽ ወይስ መጥቼ ልውሰድሽ?»

ስልኩን እንደ ዘጋችበት የአያ አንበሶ እልፍኝ አስከልካይ ደወለ፤ ለሠርጉ ሁለት ታፋ ፈለገ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ከነብርና ከአንበሳማ እንዴት ብሎ! ባሏን ትታ ወደ ቀበሮ ፈረጠጠች።

ቀበሮ ገጹን ሲያይ ሳቁን በግድ ዋጠው። የጅብ የይለፍ ቃል «አጥንት» መሆኑን ጫካው ሁሉ ስለሚያውቅ ሳይቸገር ገባ። በጭነቱ ናሙና ለአህያ አዲስ ገጽ ሠራላት፤ እስከ መጨረሻው አነበበላትና «በይ፣ አንቺም አንብቢው» አላት። ሁለቴ አንብባ ነው ያወጣችው። ሥጋ ቤቱን ግን ቀበሮ አላጠፋውም። ስሙን፣ ስልኩንና ፎቶግራፉን ብቻ በጅብ ቀየረው።

ከሰዓት በኋላ የአያ ጅቦ ስልክ ጮኸ። አያ አንበሶ ራሱ ነበር።

«ስማ አንተ፣ ስንት ኪሎ ትወጣለህ?»

በሠርጉ ዕለት አህያ የሙሽራይቱን ሣጥን ተሸክማ በእልልታ ገባች። ጅብ ግን እስከ ዛሬ እየሮጠ ነው።

ከዚህ የምንማረው ቤቱን ሌላ ሠርቶ ቢያከራየንም፣ ደጃፉ ላይ የሚለጠፈውን አንብቦ መለጠፍ የራሳችን ሥራ መሆኑን ነው።