ብቻውን የተቀመጠው ፕሮቲን

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሰው ቆዳ በሳህን ላይ ማሳደግ ነበር» ብለው ጀመሩ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ፈትለወርቅ ጥያቄዋን በቅጡ ሳትጨርስ።

ጥያቄዋ ስለ ሴት ልጇ ነበር። ልጅቱ ገና በስምንት ዓመቷ የታላላቆቿን የሂሳብ መጽሐፍ እንደ ተረት ታነባለች። ፈትለወርቅ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ከዋለች ይህ ተሰጥኦዋ ይበላሻል ብላ ስለፈራች፣ ከትምህርት ቤት አስቀርታ፣ ግቢውን ዘግታ፣ ቤት ውስጥ በአስተማሪ ማስጠናት ጀምራለች። «ጥሩ አደረግሁ ወይ?» ብላ የመጣችው ዕድሜ ልካቸውን ባዮሎጂ ያስተማሩትን ጎረቤቷን ልትጠይቅ ነው። እሳቸው ግን አዎ ወይም አይ ብሎ መመለስ አይሆንላቸውም።

ሰውየው ቆዳ የሚያሳድገው የእሳት ቁስል እንዴት እንደሚሽር ለማጥናት ነበር። ከሰው የተወሰዱ ህዋሶችን በትናንሽ ሳህኖች ላይ ዘርቶ ይንከባከባል። ህዋሶቹ ግን ዝም ብለው አይባዙም፤ «ተባዙ» የሚላቸው አንድ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ይህ ፕሮቲን በሰው ገላ ውስጥ ያለ ቢሆንም ከሰው ተቀድቶ አይመጣም። አሠራሩን የያዘውን ዘረመል ወስደው ባክቴሪያ ውስጥ ይከቱታል፤ ባክቴሪያዋም የራሷ ጉዳይ መስሏት ስትሠራ ትውላለች። ከዚያ ተጣርቶና ደርቆ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ይገባል። በውስጧ ያለው እምብዛም ስለማይታይ፣ የማያውቅ ሰው ብልቃጧን ባዶ ናት ብሎ ሊጥላት ይችላል።

ሰውየው ሁለት ብልቃጥ ነበረው። ከውጭ እስኪገቡለት ድረስ ስንት ደጅ ጠንቷል፤ ሌላ የሚያገኝበት መንገድም የለውም። የመጀመሪያዋን ሲከፍት አብራው የምትሠራ ተመራማሪ፣ «በውሃ ስታቀጥነው አልቡሚን ጨምርበት» አለችው። አልቡሚን ከላም ደም የሚወጣ፣ በየላብራቶሪው እንደ ልብ የሚገኝ ተራ ፕሮቲን ነው።

«ምን? ይህን ያህል የተጣራ ነገር ከላም ደም ጋር ልቀላቅል? ምነው፣ ጤነኛ ነሽ?» አላት። እሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሀቁን ለመናገር ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ፕሮቲኑን ብቻውን በንጹህ ውሃ አቀጠነው። እየቀዘቀዘ እየሟሟ ከተመላለሰ እንደሚሞት ስለሚያውቅ፣ አንዴ ወጥተው በሚያልቁ ትናንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች አከፋፍሎ ኃይለኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተው። መብራት ሲጠፋ ወደ ጄኔሬተሩ ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው። ሌላ ሰው እንዳይከፍትበትም የማቀዝቀዣውን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ባልደረቦቹ ሙሽራ ይጠብቃል እያሉ ይስቁበት ነበር።

ጊዜው ሲደርስ ከአንዱ የፕላስቲክ ብልቃጥ አውጥቶ ለህዋሶቹ ሰጣቸው። ምንም የለም። ከሌላውም ሰጣቸው፤ ያው ነው። ህዋሶቹ እየተኮራመቱ ከሳህኑ እየለቀቁ ይሞቱ ጀመር። ሰውየው መብራቱን አማረረ፣ ብልቃጡን የላኩለትን ሰዎች ረገመ፣ ያቺን ተመራማሪ እንኳ ቁልፌን አስቀርፃ ይሆናል ብሎ በጎሪጥ አያት።

የህዋሶቹ ሳህኖች አልቀው አንድ ብቻ ሲቀር፣ ከፕላስቲክ ብልቃጦቹ አንዱን አሟሙቶ ውስጡ ያለውን ውሃ ለካው። ፕሮቲን የለበትም ማለት ይቻላል። አልፈሰሰ፣ አልተሰረቀ፤ ታዲያ የት ገባ? ባዶውን ብልቃጥ ሊጥል እጁን ከዘረጋ በኋላ ቆም አለ። ሳሙና ያለበት ውሃ ጨምሮ አጠበውና እጣቢውን ለካ። ፕሮቲኑ እዚያ ነበረ። ጥቂት ነው፣ ብቻውን ነው፤ ከግድግዳው በቀር የሚጠጋው ስላልነበረ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። በሳሙና የተነቀለ ደግሞ ለሥራ አይሆንም። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ቁልፍ አንጠልጥሎ የጠበቀው ውሃ ነበር።

አፈረ። ከዚያ ያልተከፈተችውን ሁለተኛዋን ብልቃጥ ይዞ ወደ ተመራማሪዋ ሄደና «አልቡሚኑን ስጪኝ» አላት።

«የላም ደም አይደል እንዴ?»

«ስጪኝ እባክሽ፣ አታድርቂኝ።»

ቀላቀለው። ተራው ፕሮቲን በብዛት ገብቶ ግድግዳውን ያዘው። ውዱ መለጠፊያ ቦታ ስላጣ ውሃው ውስጥ ቀረ፤ ውሃው ውስጥ ስለቀረም ሥራውን ሠራ። በመጨረሻው ሳህን ላይ የነበሩት ህዋሶች ተባዝተው ሳህኑን ሞሉት።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ይህን ብለው ወደ ፈትለወርቅ ዞሩ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ውዱ ፕሮቲን ልጅሽ ናት። አልቡሚኑ ደግሞ እነዚያ ከኳስ ሌላ ወሬ የሌላቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። ያበላሹብኛል ትያለሽ። ፕሮቲኑ ሲቀላቀል አልቡሚን አልሆነም፤ እሷም እነሱን አትሆንም። ያላት ነገር ለሰው የሚደርሰው ግን እነሱ ሲኖሩ ነው።»

«እኔኮ ልጠብቃት ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለች ፈትለወርቅ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ሰውየውስ? ሊጠብቀው ብሎ አይደል? ትናንት ከበረንዳዬ ሆኜ ወደ ግቢሽ አየሁ። ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ይጫወታሉ። ልጅሽ ከውስጥ ሆና፣ ጉንጯን የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ለጥፋ በሽንቁሩ ታያቸዋለች። ጨዋታው እስኪያልቅ ከዚያ አልተላቀቀችም።»

ፈትለወርቅ የግቢውን ቁልፍ ከቦርሳዋ ውስጥ እየፈለገች ተነሳች።